ሰማይ ቀዳጇ ምትና ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፤ ደክሞኛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሲደክመው «ብርዱ ነው» ይሉታል። ወገቡን ሲያመው ብርዱ ነው፣ ሲያኮርፍ ብርዱ ነው፣ ለቅሶ ሳይደርስ ሲቀርም ብርዱ ነው። የእኔን ድካም ግን ብርዱ አላመጣውም። ያመጣው ኳስ ነው። ሰው የሚጫወተው ኳስ ቢሆን እንኳ ባልከፋኝ፤ የጃፓን ካርቱን ውስጥ ያለ ኳስ ነው።

ነገሩ የጀመረው የቤታችን ዲሽ የተበላሸ ዕለት ነው። ዮናስ የሚባል የእህቴ ልጅ አለ፤ ሥራው ዲሽ መትከል ነው። መጣ፣ ጣራ ላይ ወጣ፣ «ጋሼ፣ አሁንስ?» እያለ ከላይ ይጮኻል፤ እኔ ከታች «ትንሽ ወደ ግራ» እያልኩ እመልሳለሁ። በመጨረሻ ምስሉ ሲመጣ አንድ የካርቱን ጣቢያ ላይ መጣ። ዮናስ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እኔ ጣቢያውን ልቀይር ሪሞቱን ስፈልግ ዓይኔ እዚያው ተተክሎ ቀረ። ሪሞቱን ያገኘሁት ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ነው። ለካ ተቀምጬበት ኖሯል።

ካርቱኑ እንዲህ ነው። ዓይኑ የፊቱን ግማሽ የሚያህል አንድ ልጅ ኳስ ይዞ ይሮጣል። ሜዳው ማለቂያ የለውም፤ ከመሃል ሜዳ ተነስቶ ጎሉ ጋ እስኪደርስ ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና የሚያደርስ መንገድ ይሮጣል። እየሮጠም ያስባል። እናቱን ያስባል፣ የሞተውን አሰልጣኙን ያስባል፣ በልጅነቱ የጠፋበትን ውሻ ያስባል። ተከላካዮቹም ጨዋዎች ናቸው፤ አስቦ እስኪጨርስ ይጠብቁታል። ንግግሩ ጃፓንኛ ሆኖ ትርጉሙ ከሥር በአማርኛ ይጻፋል፤ ጽሑፉም እንደ ልጁ ሯጭ ነው።

ልጁ አንዲት ልዩ ምት አለችው፤ ስሟ ሰማይ ቀዳጅ ይባላል። ሊመታት ሲል ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ነፋስ ጸጉሩን ያነሳዋል፤ ከዚያ ስሟን ጠርቶ ይመታል። ኳሷ ታዲያ ወደ ጎል አትሄድም፤ ወደ ላይ ትወጣለች። ደመናውን ቀዳ ትጠፋለች። ተጫዋቹም ዳኛውም ተመልካቹም አንገቱን አንጋጦ ይጠብቃል፣ በረኛው ያለቅሳል። ልክ ልትወርድ ስትል «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ያልቃል። ማክሰኞ የተመታች ኳስ የምትወርደው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ኮርኒሱን አያለሁ። አለቃዬ አንድ ቀን «ያፈሳል እንዴ?» ብሎኛል።

ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ተወችኝ። ሴት ልጅ ስትቆጣ ደህና ነው፤ ስትተው ነው የሚያስፈራው። ልጆቻችን አድገው ወጥተው የልጅ ካርቱን የማየው እኔ ብቻ ሆንኩ፤ ማንም ቤት እንዳይመጣብኝ ማክሰኞ ማክሰኞ በሩን መቀርቀር ጀመርኩ።

አሁን ወደ ዮናስ ልመለስ፤ ነገርን ነገር ያነሳዋል። ይህ ልጅ አንኮበር ላይ የአንድ ሰው ዲሽ ተክሎ ነበር። ባለቤቱ አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ መቅደስ ከምትባል አንዲት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ዲሹ ከተተከለ ጀምሮ በየሳምንቱ ነፋስ ያዞረዋል፣ ዮናስም በየሳምንቱ ሊያስተካክል ይወጣል። አንኮበር ነፋስ እንደማያጣ የታወቀ ነው፤ ግን አንድ ጣራ ብቻ እየመረጠ ዲሽ የሚያዞር ነፋስ ሰምቼ አላውቅም። ዓመት ያህል እንዲህ ሲነፍስ ከርሞ ዮናስ አንድ ቀን መጣና ሽማግሌ ሁንልኝ አለኝ።

እምቢ አይባልም። ሦስት ሆነን ተመደብን። ዋናው ጋሽ ተሾመ ናቸው፤ የእድራችን ዳኛ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሳይመቱ ንግግር የማይጀምሩ ሰው። ሁለተኛው የቤተሰቡ የነፍስ አባት ናቸው፤ መስቀላቸውን ይዘው በዝምታ ነገር የሚያበርዱ። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የእኔ ሥራ ራሴን መነቅነቅ ነበር። ጫማዬን አስጠረግሁ፣ ጋቢዬን ደረብኩ፣ እሑድ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍረን በገብሱ ማሳ መሃል ወደ አንኮበር ወጣን።

የሽማግሌን ደንብ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም። ቁም ብሎት የሚያስገድደው የለም፤ እንዲያውም የቤቱ ጌታ «ተቀመጡ እንጂ» እያለ ይለምናል፣ ሽማግሌው «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» እያለ ይኮራል። የልጅቱ አባት አፍሮም ይሁን አዝኖ ተስፋ ያለው ነገር ይናገራል፣ ሽማግሌው ይቀመጣል፣ ይበላል። ይህ ደንብ የተሠራው እንግዳ ቆሞ ማየት ለማይችል ሰው ነው። አቶ ደምሴ ይችላሉ።

ጋሽ ተሾመ ከዘራቸውን መትተው ከአባት ከእናት፣ ከዘር ከአጥንት ጀምረው ሲያበቁ አቶ ደምሴ እንድንቀመጥ ለመኑን። አንቀመጥም አልን። ደግመው ለመኑን። ጋሽ ተሾመ መልስዎን ሳንሰማ አንዲት እግር አናጥፍም ብለው ማሉ። አቶ ደምሴ ይህን ጊዜ ኮታቸውን ለበሱ። የሰፈሩ አንጋፋዎች ቡድን አሰልጣኝ እንደሆኑ፣ ከመምህራኑ ጋር ግጥሚያ እንዳለባቸው ነገሩንና በሩን ከፈቱ።

«ቡድኔ ከተሸነፈ እኔ ለሳምንት ሰው አላናግርም» አሉ አቶ ደምሴ። «እንዳይሸነፍ ጸልዩልኝ፤ መልሱን ከጨዋታው በኋላ እንነጋገራለን።»

ጋሽ ተሾመ ሽማግሌ ቤት ቢቆም ሜዳ ቢቆም ያው ነው ብለው ተከተሏቸው። እኛም ተከተልን። ስንወጣ መቅደስን ጓዳው በር ላይ አየኋት፤ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ በጭንቀት ታየናለች። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንጫጫል፤ ዮናስ ነው። ምን አሉ ይላል። ኳስ ሊያዩ ሄዱ ብዬ ብነግረው ልጁ ይሞትብኛል ብዬ ዘጋሁት።

ሜዳው ገደል አፋፍ ላይ ነው። በአንድ በኩል የሰው ቤት፣ በሌላው በኩል ጉም አለ። ጉሙ ሲገለጥ ታች፣ በጣም ታች፣ የአሊዩ አምባ ቆላ ይታያል፤ ተመልሶ ሲሸፈን ዓለም እዚያ ጋ ያለቀ ይመስላል። ተመልካቹ ሁሉ ሣር ላይ ተቀምጧል። እኛ ሦስታችን ብቻ መስመሩ ዳር ቆመናል። ሰው ተጠግቶ «ተቀመጡ እንጂ» ሲለን ጋሽ ተሾመ አንቀመጥም ይላሉ። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል፤ እኔ የምደገፈው ትዕግሥቴን ብቻ ነበር፤ እሱም አርጅቷል።

መምህራኑ አንድ ጎል አስቀድመው አገቡ። ከዕረፍት በኋላ ከአንጋፋዎቹ አጥቂ አንዱ ጡንቻው ተሸማቀቀና አንክሶ ወጣ። አቶ ደምሴ ተቀያሪ ፍለጋ ዙሪያውን አዩ። የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተመልካች ነው። ቆሞ የሚታየው ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ከዘራ የያዙ አዛውንት፣ አንዱ እኔ። ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ምን ይባላል? ተቀያሪ ይባላል።

አልችልም አልኩ። ቄሱ ጋቢዬን ከትከሻዬ ላይ አነሱልኝ። ጋሽ ተሾመ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ለልጃችን ስንል ነው አሉኝ፤ ይህች ቃል ስንት ሰው ገደል እንደከተተች የሚያውቅ ያውቃል። በሱፍ ሱሪ፣ በተጠረገ ጫማ ገባሁ።

ስለ አጨዋወቴ ብዙ አልናገርም። ከመምህራኑ ጎል አጠገብ ሄጄ ቆምኩ፤ መቆሙን እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ ለምጄዋለሁ። ኳሱ ወደ እኔ ሲመጣ አሳልፈዋለሁ፣ አንዳንዴም እሱ ያሳልፈኛል። የመምህራኑ ተከላካይ የሂሳብ መምህር ነበር መሰለኝ፤ እኔን መጠበቅ ትርፍ እንደሌለው ቶሎ አስልቶ ጥሎኝ ሄደ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን ያ ተከላካይ ኳስ በእጁ ነካና ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። አንጋፋዎቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩ። ለካ አንክሶ የወጣው ሰውዬ የፍጹም ቅጣት ምት መቺያቸው ኖሯል፤ በማን ቦታ እንደገባሁ የነገረኝ አልነበረም። አቶ ደምሴም ከመስመሩ ዳር ሆነው እሱ ይምታ አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ነገር ነበረበት፤ ልጄን ለመውሰድ የመጣህ አንተ ነህ፣ እስቲ ላይህ የሚል።

ኳሷን አስቀመጥኩ። ይህች ኳስ ከገባች አቻ እንወጣለን፣ ሰውዬው ደስ ይላቸዋል፣ ይናገራሉ፣ ዮናስ ሚስት ያገባል፣ እኔ እቀመጣለሁ። ካልገባች ደግሞ ጋሽ ተሾመ በማሉት መሐላ ሳምንቱን ሙሉ አንኮበር ላይ ቆመን ልንከርም ነው። ሰው እንዲህ ሲጨንቀው የሚያውቀውን ያደርጋል። ከኳስ የማውቀው ያችኑ ካርቱን ብቻ ነበር።

ወደ ኋላ ሄድኩ። ሄድኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ነፋሱ እውነትም መጣ፤ ግን ጸጉር ስላጣ ጆሮዬን ይዞ ነፈሰ። እንደ ልጁ ያለፈ ሕይወቴን ላስብ ሞከርኩ። ወደ አእምሮዬ የመጣው የጨጓራ መድኃኒቴን ቤት መርሳቴ ብቻ ነበር። ከዚያ ሮጥኩና በሙሉ ድምፄ «ሰማይ ቀዳጅ» ብዬ ጮኼ ዘለልኩ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። እግሬ ሲወነጨፍ ጫማዬ ወልቆ ቀጥ ብሎ ወደ ጎሉ በረረ። በረኛው ደህና በረኛ ነው፤ ተወርውሮ ጫማዬን በሁለት እጁ ያዘው። ኳሷ ደግሞ ወደ ላይ ወጣች። ልክ እንደ ካርቱኑ ወጣች። ተጫዋቹም ዳኛውም ተመልካቹም አንጋጠጠ። ጉሙን ቀዳ ገባች፣ ጠፋች። እኔ ጀርባዬ ላይ ተዘርሬ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ለአንዲት አፍታ ኮራሁ።

ከዚያ ነፋሱ ጉሙን ወደ ገደሉ ገፋው። ጠበቅን። ጫማዬን ያቀፈው በረኛም ጠበቀ። አንድ ሰው አፋፉ ላይ ሄዶ ቁልቁል ሲያይ ቆየና «አሊዩ አምባ ገባች» አለ። ፍየል ወዲያ፣ ቅዝምዝም ወዲህ። ኳስ ደግሞ ሌላ አልነበራቸውም። ዳኛው ግራ ሲገባቸው ፊሽካቸውን ነፍተው ጨዋታውን ያለ ውጤት አቋርጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አቶ ደምሴ ሲጠጉኝ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልተሳደቡም። ያልታየ ነገር እንዳየ ሰው አተኩረው ሲያዩኝ ቆዩና «ቅድም ምን ብለህ ነው የጮኽከው?» አሉኝ። አፍሬ ምንም አልኩ። ኳሷን ሳላመጣ ስለ ምንም ነገር እንደማያናግሩኝ ነግረውኝ ዞሩ።

ጋሽ ተሾመ እንደቆምን እንጠብቅሃለን ብለው ወደ ቤቱ ተመለሱ፤ እሳቸው ቆሞ መጠበቅ እርዳታ ይመስላቸዋል። እኔ ጫማዬን አጥልቄ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። የአንኮበር ቁልቁለት ሲወርዱት ጉልበት ይበላል፣ ሲወጡት ነፍስ። ብዙም ሳልርቅ፣ ማለትም ለእኔ ብዙ ከራቅሁ በኋላ፣ ሽንኩርት የጫኑ አህዮች እየነዳ የሚወጣ ሰው አገኘሁ። አህመድ ይባላል፤ የአሊዩ አምባ ሰው፣ ገበሬም ነጋዴም ነው። ኳሷ ከፊተኛዋ አህያ ጭነት ላይ ታስራለች።

ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ኳሷ የእኔ መሆኗን ነገርኩት። አላመነኝም።

«ወላሂ ይህች ከሰማይ ነው የወረደችው» አለ አህመድ። «ቀና ብል ጉሙ ተቀደደና መጣች። አህያዋ በርግጋ ሽንኩርቱን ሁሉ ዘራችብኝ። ቢስሚላህ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ሌላም የሚከተል ካለ ብዬ።»

እኔ እንደመታኋት፣ ከላይ ከሜዳው እንደመጣች፣ ሽማግሌ ሆኜ እንደሄድኩ ሁሉንም ዘረዘርኩለት። ሰውዬው መንገዱ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ የማን ቤት ሽማግሌ እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ የደምሴ ቤት ስለው ሳቁን አቆመ።

«ደምሴ ወዳጄ ነው» አለ አህመድ። «ባለፈው ዓመት ለሌላ ሰው የመጡትን ሽማግሌዎች እስኪመሽ አቁሞ ሰደዳቸው። ክፋት አይምሰልህ። እሷ ከሄደች ያ ቤት ውስጥ ማን ያናግረዋል? አንድ ቀን መስጠቱ አይቀርም ኢንሻአላህ፤ እስከዚያው ግን ቀን መግዛቱ ነው።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አቶ ደምሴን በልቤ ስረግማቸው ነበር። እርግማኑን አልተውኩትም፤ ጉልበቴ አይፈቅድልኝም ነበር። ግን ከዚያ ወዲያ ስረግም ልቤ አብሮኝ አልሆነም። አህመድ ኳሷን ፈታልኝ፣ የአንዷን አህያ ጭራ ይዘህ ውጣ አለኝ፣ ይዤ ወጣሁ። የተማረ፣ ቢሮ ያለው፣ የደመወዝ እርከን ያለው ሰው፣ የአህያ ጭራ ይዤ አንኮበር ገባሁ።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ጋሽ ተሾመና ቄሱ እንደ ምሰሶ ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። አቶ ደምሴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ትይዩአቸው ያ የዮናስ ዲሽ የሚመግበው ቴሌቪዥን አለ። ኳሷን እግራቸው ሥር አኖርኩና ከጓደኞቼ ጎን ሄጄ ቆምኩ። ስቆም እንደ ሸምበቆ ተወዛወዝኩ መሰለኝ፤ መቅደስ ከጓዳ በርጩማ ይዛ ወጣች። ጋሽ ተሾመ በዓይናቸው መለሷት።

«አንተ» አሉኝ አቶ ደምሴ። «ያችን ካርቱን ታያለህ እንዴ?»

የእድር ዳኛ ባሉበት፣ የነፍስ አባት በቆሙበት፣ የሚመጣው አማት ፊት እንዲህ ተጠየቅሁ። መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ ድካሙ አላስዋሸኝም። አያለሁ አልኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በሩን ቀርቅሬ።

አቶ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ያያሉ። ዓይናቸው ግን ጽሑፉን አያደርስላቸውም፤ ሲጀምሩት ይጠፋል። መቅደስ ናት የምታነብላቸው። ቀን የሠራችውን ትሠራለች፣ ማክሰኞ ማታ አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ልጁ ያሰበውን ሁሉ ድምፅ እየቀያየረች ታነብላቸዋለች። ይህን ሲነግሩን ልጅቷ ጓዳ ገባች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

«ልጁን አውቀዋለሁ፤ ዮናስ ጥሩ ልጅ ነው» አሉ አቶ ደምሴ። «ዲሹን ራሱ እያጣመመ ራሱ እንደሚያቃናውም አውቃለሁ። እምቢ የምልበት ነገር የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ማክሰኞ ማን ያነብልኛል?»

ጥሎሽ ቢጠይቁን ተዘጋጅተናል፣ የዘር ቆጠራ ቢያነሱ ተዘጋጅተናል፤ ለዚህ ግን ማንም አልተዘጋጀም። ጋሽ ተሾመ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። በዓይኔ ለመንኳቸው፤ አይበሉት አልኩ በልቤ።

«እሱ ያነብልዎታል» አሉ ጋሽ ተሾመ ወደ እኔ እያመለከቱ። «በስልክ። ዋሱ እኔ ነኝ።»

ቄሱ ወዲያው መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩ፤ ሐሳቤን ሳልናገር ነገሩ ጸደቀ። አቶ ደምሴ በረዥሙ ተነፈሱና በሉ ተቀመጡ አሉን። ተቀመጥን። ያንን መቀመጥ በቃላት ልገልጸው አልችልም። ዶሮው ቀርቦ ሰው ሁሉ ሲበላ እኔ ለመቀመጤ ብቻ አመሰገንኩ። ለዮናስም ደውዬ ተሰጠህ ስለው ጆሮዬ ላይ አለቀሰ።

ሠርጉ ሆነ፣ አለፈ፤ ልጆቹ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተው ደህና ይኖራሉ። የእነሱ ነገር አበቃ፣ የእኔ ጀመረ። ማክሰኞ ማታ ስልኬ ይጠራል። አቶ ደምሴ «ጀመረ» ይላሉ፤ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማንበብ እጀምራለሁ። ልጁ ሲያስብ አነባለሁ፣ እናቱ ስታለቅስ አነባለሁ። ዝም ብዬ ባነብ ደህና ነበር፤ እሳቸው ግን መቅደስ ድምፅ ትቀይር ነበር ስለሚሉ ድምፅ እቀይራለሁ። ምቷ ስትመጣ «ሰማይ ቀዳጅ» ብዬ መጮህ አለብኝ። የግቢያችን ሰው መጀመሪያ ሰሞን እየሮጠ ይመጣ ነበር። አሁን ባለቤቴ ደጅ ወጥታ ምንም አይደለም፣ አማቱን እያናገረ ነው ትላቸዋለች።

ጣቢያው ካርቱኑን ሲጨርስ ነፃ የምወጣ መስሎኝ ነበር። ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጀመረው። አቶ ደምሴም ደወሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮ ውዬ፣ ለቅሶ ደርሼ፣ ዓይኔ በግድ ተከፍቶ ነበር የማነበው። ልጁ ዝናብ ውስጥ ቆሟል፤ ጓደኞቹ ከኋላው አሉ። ከሥር አንድ አጭር ጽሑፍ መጣች።

«ከእንግዲህ አልሮጥም» ብዬ አነበብኩላቸው።

«ከእንግዲህ ብቻዬን አልሮጥም» አሉ አቶ ደምሴ። «ብቻዬን የምትለዋን ዘለልካት።»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም ዘልያታለሁ፤ ጽሑፉ ገና እዚያው አለ። ስልኩ ውስጥ የአንኮበር ነፋስ ዲሹን ሲያንገጫግጨው ይሰማኛል። እሳቸውም ከአፋቸው ምን እንዳመለጣቸው የገባቸው መሰለኝ፤ ትንፋሻቸውን ዋጡ። የጋሽ ተሾመ ዋስትና፣ የቄሱ ቡራኬ፣ የስንት ማክሰኞ ጩኸቴ እዚያች አንዲት ቃል ላይ ቆሞ ነበር፤ ለካ ራስዎ ያነባሉ እንዴ የምትል አንድ ጥያቄ ብጠይቅ በዚያችው ደቂቃ ነፃ እወጣ ነበር። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ምን ሆንክ አለችኝ።

«ይቅርታ ጋሽ ደምሴ፣ ደክሞኝ ነው» አልኩና ከላይ ጀምሬ አነበብኩላቸው።